የኋላ ግራ ጎማ

እናቴ አባቴን ለሃያ ስድስት ዓመት አላናገረችውም። ተለያይተው አይደለም፤ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከአንድ ጠረጴዛ እየበሉ ነው። መጀመሪያ ላይ እስር ቤት ያሳለፋትን ሦስት ዓመት ቀንሽለት ብትሉኝ እቀንሳለሁ፤ የቀረው ግን ለአንድ ቤት ከበቂ በላይ ነው። ምግቡን ትሠራለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፣ ሸሚዙን ትተኩስለታለች። ቃል ግን የለም። እሱ በክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ «አባትሽን ምሳ ቀርቧል በዪው» ትለኛለች። እኔም ዞር ብዬ «አባዬ፣ ምሳ ቀርቧል» እለዋለሁ። እሱም ሰሃኑ ፊቱ ላይ ተቀምጦ እያየው፣ እንደ አዲስ ወሬ «እሺ» ይላል። ሌላው ቤት ያለ ልጅ ውሃ ይቀዳል፣ ሱቅ ይላካል፤ የእኔ ሥራ ቃል ማመላለስ ነበር።

ለምን እንደማታናግረው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንድ ወንድሟን ስለገደለባት ነው። ገደለ ሲሉ በጥይት ወይም በቢላ አይደለም፤ በመኪና ጎማ ነው። የነገሩን ሥር የምናውቀው ግን በዚህ ዓለም ላይ አባቴና እኔ ብቻ ነን ብዬ አምን ነበር።

አባቴ ላሜራ ሠሪ ነበር። ጋራዡ ከቤታችን ጀርባ ነው፤ ቆርቆሮ የለበሰ ሰፊ ጥላ፣ ዘይት የጠጣ ጥቁር መሬት፣ ግድግዳው ላይ በየመጠናቸው የተሰቀሉ መዶሻዎች። በአንዱ ጥግ ጎሚስታው ጎማ ይለጥፋል፣ በሌላው ጥግ ቀለም ቀቢው አፉን በጨርቅ አስሮ ቀለም ይረጫል። አባቴ መሀል ላይ ሆኖ የተጨማደደ በር ጠዋት ይይዝና ሲቀጠቅጥ ውሎ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በሩ ገና ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ እዚያው ነኝ። የመዶሻውን ድምፅ ከመልመዴ የተነሳ የሚያስደነግጠኝ ዝም ሲል ነበር።

ስለ አባቴ ብዙ ነገር የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ሲጠሩት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ነው አቤት የሚለው፤ ትልቅ ሰው ስለሆነ ነው እላለሁ። ሰው ሲያናግረው ዓይን ዓይኑን ሳይሆን አፍ አፉን ያያል፤ የሰው ጥርስ ማየት ይወዳል እላለሁ። መንገድ ስንሄድ ሁልጊዜ በቀኙ በኩል ያደርገኛል፤ ቀኝ የክብር ቦታ ነው ብዬ እኮራለሁ። ጎሚስታው አንዳንዴ «ይሄ ሰውዬ ሲጠሩት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል፤ ኩራቱ ነው» ብሎ ሲያማው እሰማና፣ ምቀኛ ብዬ በልቤ እሰድበዋለሁ።

አሁን ይህን ስጽፍ ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ምን ጆሮ ይተርፈዋል? ያን ጊዜ ግን እሱም አልተናገረ፣ እኔም አልጠረጠርኩ።

የጋራዡ ሰዎች «ኢንስፔክተር» ነበር የሚሉኝ። ስሙን ያወጣልኝ አባቴ ነው። አንድ መኪና ሠርቶ ሲጨርስ ለሙከራ ሲነዳው ይዞኝ ይወጣል። «የት ጋ እንደሚንኳኳ ስሚልኝ» ይለኛል። ስንመለስ አጠገቤ በርከክ ይልና ቀኝ ጆሮውን አፌ ላይ ያስጠጋል። «እህሳ፣ ኢንስፔክተር?» እኔም የሰማሁትን በጆሮው እነግረዋለሁ፤ የኋላው በር ይንኳኳል፣ ከሥር የሆነ ነገር ይጮኻል። የነገርኩትን ለማንም እንዳላወራ አስምሎኛል። የሁለታችን ጨዋታ ነው። ጎሚስታውና ቀለም ቀቢው አባት ልጁን ሲያቀብጥ እያዩ ይስቁ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጆሮ ተውሶ እንጀራውን እንደሚበላ ከእነሱም የገባው የለም። የማይሰማ ላሜራ ሠሪ ጋ መኪናውን ማን ያመጣል?

የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ሰው ሁሉ «ነፋሱ» የሚለው፣ በአንዲት ሰማያዊ ፒካፕ ከእርሻ ወደ ከተማ አትክልት ያመላልስ ነበር። ቁጭ ማለት አያውቅም፤ ምሳውን እንኳን ቆሞ ነው የሚበላው። ቤታችን ሲመጣ ከበሩ ጀምሮ ይጮኻል። «እታለም! ያቺ ጥርሰ ወላቃ ልጅሽ የት ገባች?» ብሎ ይፈልገኝና ብድግ አድርጎ ጣራ ያስነካኛል። ወላጆቻቸው ሲሞቱ አዝላ ያሳደገችው እናቴ ናት። እሱ ሲገባ ፊቷ ላይ የሚበራውን እኔ ስገባ በርቶ አላየሁም። አልቀናሁም፤ እኔም እወደው ነበር።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ዓመት ክረምቱ ከበደ። የእርሻው መንገድ ጭቃ ሆኖ ፒካፗ በሆዷ እየተኛች ስታስቸግረው፣ ነፋሱ ማንንም ሳያማክር ሄዶ ሰፋፊና ረጃጅም ጎማ በአራቱም እግሯ አስገጠመላት። ጭቃውን እንደ ጉድ ትወጣለች። ችግሩ ጎማዎቹ በልኳ አልነበሩም። ባዶዋን ስትሄድ ምንም አትል፤ ጭነት ሲከብዳት ወገቧ ዝቅ ይልና ጎማው ከላዩ የሚሸፍነውን ላሜራ፣ ፓራፋንጎውን፣ ከውስጥ ይፍቃል። የፓራፋንጎ ጠርዝ ወደ ውስጥ የታጠፈ ላሜራ ስለሆነ፣ ጎማ እየተሽከረከረ ሲጠጋው ቢላ ማለት ነው።

«ጋሼ፣» አለው አባቴን፣ «ጭኜ ስዞር ትጮህብኛለች። ቲማቲሙ ማሳ ላይ ደርሷል፤ ነገ ትጨርስልኛለህ አይደል?»

አባቴ አፉን አየና «ሦስት ቀን» አለ።

«ሦስት ቀን? በሦስት ቀን እኮ ቲማቲሙ ራሱ ድልህ ሆኖ ይጠብቀኛል!»

አባቴ ሳቅ አለና ክሪኩን ሊያመጣ ሄደ።

የመጀመሪያውን ቀን ጎማዎቹን አውልቆ የፓራፋንጎዎቹን ጠርዝ ሲያጥፍ ዋለ። ላሜራውን በእሳት ያግለዋል፤ ሲቀላ በእንጨት መዶሻ ከውስጥ ወደ ላይ ጥቂት በጥቂት ይመታዋል፤ አንድ ጣት ያህል ይሄድና እንደገና ያግላል። ቸኩሎ ቢመታው ወይ ይሰነጠቃል ወይ ውጪው ይጎብጣል። በሁለተኛው ቀን የመኪናዋን ጭነት ወደሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ወደ ባሌስትራው ገባ። አንድ ቅጠል ብረት ጨመረበት፣ በባሌስትራውና ጎማዎቹን በሚያገናኘው አክስ መሀልም ወፍራም ብረት አስገብቶ በቡሎን አሰረው። ፒካፗ አራት ጣት ከፍ አለች። ነፋሱ ዞሮ ዞሮ አያትና «እንግዲህ መሰላል ይዤ ነው የምሳፈራት» አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ሙከራው መጣ። ጭነት ሳይኖር ሙከራ የለም፤ አሸዋ የሞላባቸው ከረጢቶች ከኋላ ደረደሩ። እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ አባቴ የፓራፋንጎውን ውስጥ በጠመኔ ይቀባ ነበር። ጎማው የነካበት ቦታ ጠመኔው ይጠፋል፤ ዓይን ካለህ ጆሮ አያስፈልግህም። በዚያ ሳምንት ግን ዝናቡ አላባራም። ከበሩ ሳንወጣ ጠመኔው ይታጠባል፣ ጭቃው የላሜራውን ውስጥ ሞልቶ ይለጥፈዋል፣ የተነካውም ያልተነካውም አንድ ይሆናል። ስለዚህ የቀረው ጆሮ ብቻ ነው። አባቴ ፕላስቲክ አልብሶኝ ከከረጢቶቹ መሀል አስቀመጠኝ። እሱ ነዳ፤ እኔ ጉንጬን ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ።

መጀመሪያ ሦስቱ ይነካሉ አልኩት፤ ሦስቱንም አስተካከለ። እንደገና ወጣን፤ ሁለቱ ይነካሉ አልኩት፤ አስተካከለ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ብቻ ቀረ፤ የኋላው ግራ። እዚያ ጋ ሁለት ላሜራ ተደራርቦ የተበየደበት ነው። ጠርዙን ለመቀነስ ብየዳውን ከፍቶ፣ ቆርጦ፣ እንደገና መበየድ ያስፈልጋል። አባቴ ያንን ሳይከፍት በመቀጥቀጥ ብቻ ሊያሳልፈው ሞከረ። ባይሆን ግን ሌላ ግማሽ ቀን እንደሚፈጅ ነግሮኛል።

ያን ከሰዓት ነፋሱ ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። የእርሻው ባለቤት ሌላ መኪና እፈልጋለሁ ብሎ ልኮበታል። አባቴ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ጎማውን ሲያስር፣ ነፋሱ ከጀርባው እጁን አጣምሮ ቆሞ፣ ሰዎቹ እንዲሰሙለት ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«እኔ እኮ ፓራፋንጎ ላሠራ አልኩ እንጂ ጡረታዬን እዚህ ልጠብቅ አላልኩም! ጋሼ፣ እጅህ አልታዘዝ ካለህ አንዴ ንገረኝና ጉልበት ያለው ላሜራ ሠሪ ልፈልግ። ለነገሩ እታለምም አንተን ያገባችህ ስትሠራ አይታ አይደለም መሰለኝ፤ ብታይማ እስክትጨርስ መች ትጠብቅ ነበር!»

ጎሚስታው ጎማውን ለቆ ሳቀ። ቀለም ቀቢው አፉን ያሰረበትን ጨርቅ አውርዶ ሳቀ። አባቴ ቡሎኑን አጥብቆ ቀና ሲል ሰዎቹ ሲስቁ አየ። እሱም ሳቀ። ከሁሉም በኋላ ጀምሮ ከሁሉም በኋላ ጨረሰ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰው ሚስቱ ፊት የማይባለውን ተብሎ ይስቃል? እናቴ ጓሮ በሩ ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ እሷ አልሳቀችም። ጀግና ይመስለኝ የነበረው አባቴ አጎቴን የሚፈራ ሰው ሆኖ ታየኝ፤ አንጀቴን በላው። ፈርቶ ነው ብዬ ቆረጥኩ። ሰው ስድቡን ሰምቶ የሚስቀው ሲፈራ ነው፤ ከዚያ ሌላ ምክንያት በዘጠኝ ዓመት አእምሮዬ ውስጥ አልነበረም።

አባቴ አልሰማም። ይኸው ነው። አንዲት ቃል አልሰማም፤ ሰዎች ሲስቁ አየ፤ ቀልድ ያለፈው እንዳይመስል ሳቀ። በዚያ ጋራዥ ውስጥ በዚያ ንግግር የቆሰልኩት እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። እሱ ለሙከራው ፕላስቲኬን ሊያለብሰኝ ሲመጣ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረበትም።

ወጣን። ትምህርት ቤቱን ዞረን፣ ጉድጓዱ የበዛበት መታጠፊያ ጋ ስንደርስ መኪናዋ በግራ ዘንበል አለች፤ ከጉንጬ ሥር ሽርርር አለ። ወፍራም ጨርቅ ሲቀደድ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። አንዴ፣ አጭር። ከዚያ ዝም። ከመታጠፊያው ስንወጣ አንዴ ደገመ። ላሜራው ጉንጬ ላይ ሲንቀጠቀጥ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። መስማቴን ሰምቻለሁ፤ በዚህ ላይ ራሴን ልዋሽ አልፈልግም።

ስንመለስ ሁሉም ቆመው እየጠበቁን ነው። ነፋሱ ከንፈሩን እየነከሰ፣ ጎሚስታው ሳቁን አዘጋጅቶ። አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ አጠገቤ በርከክ አለ፣ ቀኝ ጆሮውን አፌ ላይ አስጠጋ።

«እህሳ፣ ኢንስፔክተር?»

ይነካል ብለው ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። አባቴ ቆሞ ገና ነው ይላል፤ አጎቴ እንደገና ይሰድበዋል፤ ሰዎቹ ይስቃሉ፤ አባቴም አብሯቸው ይስቃል። ያንን ሳቅ ሁለተኛ ላየው አልቻልኩም።

«አይነካም» አልኩት።

«የኋላው ግራስ?»

«አይነካም።»

ራቅ ብሎ ፊቴን አየኝ። «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁለት። ግንባሬን ሳመኝና ተነሳ፤ ጭቃ ባለው እጁ የፒካፗን ጎን ቸብ ቸብ አደረገና «ውሰዳት፤ አትነካም» አለ። ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት። ያንን ኩራት የሰጠሁት እኔ ነኝ ብዬ ልቤ ሞቀ።

ነፋሱ ሲደሰት ሌላ ሰው ነው። አባቴን አቀፈው፤ «ጋሼ፣ አፌ ነው እንጂ ልቤን ታውቀዋለህ» አለው ትከሻው ላይ ሆኖ። አባቴ ትከሻ ላይ የተነገረ ነገር ሊሰማ አይችልም። እኔን ብድግ አድርጎ ጣራ አስነካኝ፤ ለእናቴ ከሩቅ እጁን አውለበለበ። ከዚያ ከረጢቶቹን አራግፎ ሄደ።

በማግስቱ ከሰዓት የዝናብ ልብስ የለበሰ የትራፊክ መርማሪ ግቢያችን ገባ። መጀመሪያ ስለ ቲማቲም ሊጠይቅ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ ጫማው ላይ ቀይ ነገር ተጣብቆበታል። እናቴን ተቀመጪ አላት። እሷ ቆማ ቀረች። ነፋሱ መኪናዋን እስከ አፏ ሞልቶ ጭኖ፣ ቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ የኋላው ግራ ጎማ እንደፈነዳ፣ ፒካፗም ሦስቴ እንደተገለበጠች ነገራት። እናቴ «ታዲያ ሆስፒታሉ የት ነው?» አለች። መርማሪው መሬት መሬቱን አየ። እሷ ጥያቄዋን ሁለቴ ደገመችው።

ከዚያ አባቴን ከጋራዡ ጠሩት። መርማሪው ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ ቃል በቃል፣ ቀስ እያለ ጠየቀው። ጎማው ከውስጥ በኩል ዙሪያውን እንደተቆረጠ ነገረው፤ ፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ የጎማ ፍቅፋቂ አግኝተዋል።

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጭነህ ሞክረሃታል?»

«ሞክሬያታለሁ።»

«ማን ነበር አብሮህ?»

እኔ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ነበርኩ። አባቴ ወደ እኔ አላየም። እንዳላየ ልብ ያልኩት ሁልጊዜ የሚያየኝ ሰው ስለነበር ነው።

«ማንም።»

«ሲነካ አልሰማህም?»

አባቴ የመርማሪውን አፍ ጥቂት አየ። «ሰምቻለሁ» አለ። «በትንሹ ይነካ ነበር። ቸኩሎብኝ ስለነበር ምንም አይልም ብዬ ለቀቅኩት።»

እናቴ ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። ስለ ወንድሟ ሞት ያልጮኸችው ሴት። ከዚያ ጩኸቷን ቆርጣ ወደ አባቴ ቀረበች፤ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው።

«ሰምተህ ለቀቅከው?»

«አዎ» አላት።

ከዚያ በኋላ በመካከላቸው ቃል አልነበረም።

እኔስ ምን ተሰማኝ? መናገር ያሳፍራል፤ እፎይ አልኩ። የእኔ ውሸት ነው የገደለው ብዬ ነበር፤ አባቴ ግን ራሱ ሰምቶ ነበር ማለት ነው። እኔን የጠየቀኝ እንዲያው ለጨዋታ ነው። እሱ ያውቅ ነበር፤ አውቆ ለቀቀው፤ እኔ የለሁበትም። ይህ ሐሳብ እንደ ብርድ ልብስ ሸፈነኝ። ከሸፈነኝም በኋላ በእሱ ላይ ተናደድኩ። ፖሊሶች ሊወስዱት ሲመጡ ሊስመኝ ጎንበስ አለ፤ ፊቴን አዞርኩበት። ልጅ ጨካኝ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ጨካኝ ብቻ አልነበርኩም፣ ተመችቶኝም ነበር።

እስር ቤት ልንጠይቀው ከጎሚስታው ጋር ነው የምሄደው፤ እናቴ ምግቡን ቋጥራ ትሰጠናለች፣ እሷ አትመጣም። ሽቦ አጥር ይለየናል፤ በዚህም በዚያም ሰው ይጮኻል። «ስንተኛ ወጣሽ?» ይለኛል። «ሁለተኛ» እለዋለሁ። «ጎበዝ፤ በርቺ፣ አንደኛ ማለት ቀላል አይደለም» ይላል። በጫጫታው ነው አልኩ። ከእስር ሲወጣ ጋራዡ ተዘግቶ፣ መዶሻዎቹ ዝገዋል። ማንም መኪና አላመጣለትም፤ እሱም አልጠበቀ። ሌላ ሰው ሱቅ ደጃፍ ላይ በር ጠባቂ ሆነ። የማይሰማ በር ጠባቂ።

ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ፣ ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ ጆሮ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። እርጅና ነው ብዬ ነው። ሐኪሟ ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገብታ መረመረችው፤ ወጥታም ወረቀት ላይ ሁለት መስመር አሳየችኝ፤ ሁለቱም ወደ ታች የሚወርዱ።

«ምን ነበር ሥራቸው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ይህ የዛሬ ጉዳት አይደለም። ግራው ሃያ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። ቀኙ አፍሽን አስጠግተሽ ካልሆነ ያን ጊዜም ብዙ አይሰማም ነበር።»

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ በጣቴ ቆጠርኩ። ሁለቴ ቆጠርኩ። ብቆጥርም ባልቆጥርም መልሱ አንድ ነው፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ይህ ሰው መኪና እየነዳ የኋላ ጎማ ሲነካ ሊሰማ አይችልም። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። የሸፈነኝ ሁሉ ከላዬ ተገፎ እዚያ ኮሪደር ላይ ራቁቴን የቀረሁ መሰለኝ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ በቀኙ ተቀምጬ አፌን ጆሮው ላይ ደቀንኩ። «ጎማው ሲነካ ሰማሁ ያልከው ውሸትህን ነው፤ አይደል?» አልኩት። ታክሲው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። አባቴ መዳፉን አፌ ላይ ጫነ።

«ተይ፣ ሰው ይሰማል» አለኝ።

ከታክሲው ወርደን እስከ ቤታችን በር ድረስ ሄድን። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። «አንቺ ልጅ ነበርሽ» አለ። «ልጅ እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አልሰማም ብዬ መናገር ከብዶኝ የሰው ሕይወት በልጅ አፍ ላይ ያንጠለጠልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ለፖሊሱ የተናገርኩት ውሸት አይደለም።» ቀጥሎም እንዲህ አለኝ፤ «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ወንድሟን አጥታለች፤ ልጇንም እንዳትነሻት።»

አልነገርኳትም። አሥራ ሁለት ዓመት። ለእሷ ስል ነው እያልኩ።

ባለፈው ዓመት ሳንባው ደከመ። ያ ሁሉ የብየዳ ጭስ የት ይሄዳል? ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዱት አሉን፤ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ሳሎኑ ውስጥ አልጋ ዘረጋንለት። አልጋው ላይ ሆኖ እናቴን በዓይኑ ይከተላታል፤ ስትገባ፣ ስትወጣ፣ መጋረጃ ስታስተካክል። አንድ ቃል እየጠበቀ መሆኑ ያስታውቃል። ቢነገረውም አይሰማትም፤ ግን አፏን ያነባል፤ ዕድሜ ልኩን ሲያነብ ኖሯል። እንዲህ ሆኖ እንዳይሞት ፈለግሁ። ዋጋውን እኔ እከፍላለሁ አልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ማድ ቤት ሸሚዙን ስትተኩስ ገባሁና በሩን ዘጋሁት።

«እማዬ፣ የአጎቴ መኪና ስትሞከር ጎማው ሲነካ የሰማው አባዬ አይደለም። እኔ ነኝ። አይነካም ብዬ ዋሸሁት። እሱ ምንም አልሰማም።»

የሸሚዙን ኮሌታ ገልብጣ ተኮሰችው።

«አውቃለሁ» አለች።

የምቀመጥበት ፈለግሁ፤ አልነበረም።

«አንቺ ሕፃን ሳለሽ ሌሊት ስትጮኺ አጠገብሽ ተኝቶ ቀና ብሎ አያውቅም» አለች። «እንቅልፋም እያልኩ ስረግመው ከርሜ ነው የገባኝ። በር ሲንኳኳ የማይሰማ ሰው፣ ጎማ ሲነካ ሰማሁ ብሎ ፖሊስ ፊት ሲቆም፣ ማን እንደሰማለት ይጠፋኛል? ከመኪናው ኋላ ፕላስቲክ ለብሰሽ ተቀምጠሽ ስትወጪ እኮ ልብስ እያሰጣሁ አይቼሻለሁ። ስንቴ አይቼሻለሁ። ሥራው እንዳይቀርበት ብዬ ዝም አልኩ። እኔም አለሁበት።»

«ታዲያ ለምን እሱን?» አልኳት። «እያወቅሽ፣ ሃያ ስድስት ዓመት?»

«ያን ቀን አንድ ሰው ካልጠላሁ ከወንድሜ ጋር አብሬ እቀበር ነበር» አለች። «ከሁለታችሁ አንዳችሁን ነው። አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። እሱ ደግሞ ፊቱን ይዤ ስጠይቀው አዎ አለኝ፤ እኔን ጥዪ ማለቱ ነው። ገብቶኛል። እሱም እንደገባኝ ያውቃል። አንድ ቀን እንኳን ለምን ብሎኝ አያውቅም።»

«አሁን እኮ እየሞተ ነው፣ እማዬ። አንድ ቃል በዪው። አንድ።»

መተኮሻውን አቆመችው። ማድ ቤት ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ፤ እንደ እናት ብቻ አልነበረም ያየችኝ።

«እሱን ይቅር ብዬ ከፈታሁት፣ ይሄ በሆዴ ያለው ጥላቻ የት ይሄዳል ብለሽ ነው?» አለች። «በዚህ ቤት የምትቀሪው አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ሸሚዙን አጥፋ ሰጠችኝና ሳይቀዘቅዝ እንዳለብሰው ነገረችኝ።

አባቴ የሞተው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ መጋረጃውን እየከፈተች፣ ትራሱን እያስተካከለች፣ ሾርባውን በማንኪያ እያጎረሰች ከአጠገቡ አልራቀችም፤ አንድ ቃል ግን አላወጣችም። እሱም አፏን እያየ ሄደ። እኔ ከዚያ ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ አልለመንኳት። ከንፈሯ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እደነግጥ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እንድታናግረው አልፈለግሁም።